በኤ ማይነር የሚጨፈር

«እሰይ የኔ ልጅ! እንዴት ደስ ይላል። የማን ዘፈን ነው?» አለች ሐረገወይን፣ በሩ ሥር ጫማዋን እያወለቀች።

ብፅዓት ጊታሩን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። እናቷ የምትቀልድ መስሏት ፊቷን አየች። ሐረገወይን ግን አልቀለደችም። አረጋውያን ስትንከባከብ ውላ የመጣችበትን ሰማያዊ ዩኒፎርም እንኳን ገና አላወለቀችም። ዓይኗ ደክሟል፣ ከንፈሯ ግን ፈገግ ብሎ መልስ ይጠብቃል።

«የማን ማለት?» አለች ብፅዓት።

«የእንግሊዞች ነው? የሕፃናት መዝሙር ይመስላል። ጥሩ ነው ግን፣ ደስ ይላል።»

«እማ! ያንቺ እኮ ነው!»

«የኔ?»

«ዕቃ ስታጥቢ የምትዘፍኚው። የሰርጉ ዘፈን!»

ሐረገወይን አንዱን ጫማ በእጇ፣ አንዱን በእግሯ እንዳደረገች ቆመች። ልጇን የማያስከፋ ነገር ለመናገር ስትፈልግ ያስታውቅባታል፤ ውሸት ደግሞ አይሆንላትም። «እንዴ…» አለች በመጨረሻ፣ «እንጃ ብፅዬ። ደክሞኝ ይሆናል።»

ደክሟት አልነበረም። ሐረገወይን የቱንም ያህል ቢደክማት በመስኮት ሥር ከሚያልፍ መኪና ሁለት ሴኮንድ ዘፈን ሰምታ ዘፋኙን ከነዘመኑ የምትጠራ ሴት ናት። አሁን የገዛ ዘፈኗን አላወቀችውም። ብፅዓት ደግሞ ይህችን ቀን ወር ሙሉ ስትጠብቃት ነበር። እናቷ ሥራ ስትሄድ ብቻ እየተለማመደች፣ ስትመለስ ጊታሩን እያስቀመጠች፣ አንድ ቀን በድንገት ተጫውታላት ጉድ ልታሰኛት። ጉዱስ መጣ፤ የመጣው ግን በሌላ በር ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ስቶክዌል ያለው የብፅዓት ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጊታር ማዋስ ጀመረ። ቤት ወስደው ይለማመዱበታል፤ ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይመልሳሉ። ብፅዓት ጊታሩን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ቤት የሄደችበትን የመጀመሪያ ቀን አትረሳውም። መንገደኛው ሁሉ እሷን የሚያይ መስሏት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሰባት ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ሃያ ደቂቃ ሄደችበት። ሐምሌን ማሰብ ግን አትወድም።

ከዚያ ማስታወቂያው መጣ። ሰኔ ላይ ቦሮው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የወጣቶች ኮንሰርት ያካሂዳል፤ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ቡድን ብቻ ይገባል። ያሸነፈው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ይማራል፤ የሚጫወትበት መሣሪያም ዓመቱን ሙሉ እጁ ላይ ይቆያል። ብፅዓት ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። የዘንድሮው ርዕስ «ደስታ» ነበር።

ደስታ ሲባል ቶሎ የመጣላት የእናቷ ዘፈን ነው። ሙዚቃ አስተማሪዋ ሚስ ዊትሎክ ዘንድ ሄዳ አንጎራጎረችላት። ሚስ ዊትሎክ ጥሩ ሴት ናት፤ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ እርሳሱን ስትፈልግ የምትውል። ዘፈኑን ስትሰማ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

«ውብ ነው። ግን ማይነር ነው፤ ያሳዝናል። ርዕሳችን ደግሞ ደስታ ነው። እስቲ ወደ ሜጀር እናምጣው።»

ብፅዓት አልተከራከረችም። የክፍሉ ሰሌዳ ላይ «ሜጀር» በሚለው ሥር ፈገግ ያለ ፊት፣ «ማይነር» በሚለው ሥር አኩርፎ አፉን የደፋ ፊት ተስሎ ሁሉም ልጅ ደብተሩ ላይ ገልብጦታል። ደግሞም እስከዚያ ቀን የምታውቃቸው ኮርዶች፣ አንድ ላይ የሚመቱ የድምፅ ስብስቦች፣ ኤ፣ ዲ እና ኢ ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ሜጀር። ዜማው እዚህም እዚያም ትንሽ ከፍ ተደረገና ያለ ግጥም በሦስቱ ኮርዶች ላይ ቁጭ አለ። እንደ እሷ ሁሉ በቤቷ አማርኛ የምትናገረው ጓደኛዋ ሱመያ ካሆን የሚባለውን ሳጥን መሳይ ከበሮ ተቀምጣበት እየመታች አጀበቻት። ከዘጠኝ ቡድን ተመረጡ። ሱመያ ኮሪደሩ ላይ ጮኻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

እንግዲህ ያ የተመረጠው ዘፈን ነው ባለቤቱ ፊት ቀርቦ «የማነው?» የተባለው።

«እስቲ አንቺ ዝፈኚው» አለች ብፅዓት።

«አሁን? እራት እንኳን ሳልሠራ?»

«እማ፣ ፕሊስ።»

ሐረገወይን በአንድ እግሯ ጫማ እንዳለች እጆቿን አጨብጭባ ጀመረች። ብፅዓት በሕይወቷ ሙሉ የሰማችው ዘፈን ነው፤ ጆሮዋን ጥላ የሰማችው ግን ዛሬ ነው። የእሷ ዜማ ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ የእናቷ ድምፅ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በዚያች ትንሽ ቦታ ነው ዘፈኑ ያለው። ብፅዓት ፊቷ ሲግል ተሰማት።

«ግን እማ፣ ይሄ የሚያሳዝን ዜማ አይደል? ማይነር ነው እኮ። ማይነር የሐዘን ነው።»

«የምን ሐዘን?»

«ሚስ ናት ያለችው። ማለቴ… ሙዚቃ ላይ እንደዚያ ነው።»

ሐረገወይን ሳቋ መጣ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! በዚህ ዘፈን እኮ ነው ሐይቅ ከተማ ስንቱ የተዳረው። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ በዚህ ዘፈን ስጨፍር የአዲስ ጫማ ተረከዝ ነቅያለሁ። ሐዘን ትለኛለች እንዴ!»

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ግርግር አገር ለቃ የመጣችው ሐረገወይን ስለ ትውልድ ከተማዋ ብዙ አታወራም። የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይም እንዲሁ ናት፤ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» ብላ ትወጣና ደረጃው ላይ «ምን አለችኝ?» ብላ ልጇን ትጠይቃለች። ያን ምሽት ግን ድንች እየላጠች ስለ ሰርጉ ያላወራችው ነገር አልነበረም።

ብፅዓት ክፍሏ ገብታ ስልኳ ላይ «ኤ ማይነር» ብላ ፈለገች። አንድ ጢማም ሰውዬ በቪዲዮ ብቅ አለ። ኤ ሜጀር ሦስት ጣት የጊታሩን አንገት በብረት መስመር ከሚከፋፍሉት ፍሬቶች በአንዱ ላይ ተጨናንቆ የሚሠራ ነው። ለማይነር፣ ሁለተኛው ክር ላይ ያለችው ጣት አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ትመለሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ብፅዓት ቪዲዮውን አቁማ ጣቶቿን አንድ በአንድ ክሩ ላይ አስቀመጠች፤ ተጫነች፤ መታችው።

ጊታሩ የእናቷን ድምፅ አወጣ።

ኢ ማይነር ከዚያም ቀለለ፤ ከኢ ሜጀር ላይ አንድ ጣት ማንሳት ብቻ ነው። ዲ ማይነር ግን ጉድ አፈላ። ሦስቱ ጣቶች በሦስት የተለያየ ፍሬት ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ የቀለበት ጣቷ ደግሞ እንደ ሰነፍ ልጅ ሄዳበት የማታውቀው ቦታ አልሄድም አለች። ስትጫናት ሌላዋ ትነሳለች፣ ሌላዋን ስትመልስ እሷ ትንሸራተታለች። ብፅዓት ግን ተኝታ እንኳን ጣቶቿን ብርድ ልብሱ ላይ እየተጫነች ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሱመያ ከብሪክስተን በአውቶቡስ መጣች፣ ካሆኗን በትልቅ የገበያ ከረጢት አንጠልጥላ። የክፍላቸው ልጆች «ብፅዓት» ማለት አቅቷቸው «ቢትስ» ብለው ነው የሚጠሯት፤ ሱመያ አጥርታ መጥራት ስትችልም ቢትስ ትላታለች። ብፅዓት ነገሩን ስትነግራት ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለች።

«ቢትስ፣ አብደሻል? ስምንት ቀን እኮ ነው የቀረን፣ ብሮ!»

«ስድስት። ኮንሰርቱ ቅዳሜ ነው።»

«ይባስ! ሲሪየስሊ፣ ዳኞቹ ደስታ ነው ያሉት። የሚያለቅስ ነገር ይዘን ገብተን… ጊታሩን አትፈልጊውም እንዴ?»

«እፈልገዋለሁ» አለች ብፅዓት። «በጣም ነው የምፈልገው።»

«እና?»

«እማዬ አላወቀችውም፣ ሱሚ። ያንን የምንጫወተውን። የማን ዘፈን ነው አለችኝ።»

ሱመያ የከረጢቱን ማንጠልጠያ በጣቷ ጠቀለለችው።

በዚህ መሀል ሐረገወይን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፣ ብስኩት በሳህን ይዛ። «ሱሚዬ፣ እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? እናትሽ ደህና ናት? ምነው ተጣላችሁ እንዴ?»

«ደህና ናት፣ አንቲ። እርስዎ ደህና ነዎት?» አለች ሱመያ፣ በአንዴ ጨዋ ሆና። «አልተጣላንም። ቢትስ ዘፈኑን ልትቀይረው ነው።»

«ልመልሰው ነው» አለች ብፅዓት፤ ሌላ ነገር ሳትጨምር ኤ ማይነርን ያዘችና ጀመረች። ዲ ማይነር ላይ ስትደርስ ተሰናከለች፤ ክሩ ታንቆ ጠሽ አለ። ሐረገወይን ግን ሳህኑን አልጋ ላይ አስቀምጣ ማጨብጨብ ጀምራ ነበር። ስታጨበጭብ ትዘፍናለች፤ ስትዘፍን ትከሻዋ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ሱመያ እጇን ከፍ አደረገች። «ዌይት፣ ዌይት፣ ዌይት። ይሄንንማ አውቀዋለሁ! የአጎቴ ሰርግ ቪዲዮ ላይ አለ። እናቴ መሀል ገብታ የምትጨፍርበት! ዋላሂ ይሄ ነው!»

«ወር ሙሉ ስንጫወተው ነበር እኮ» አለች ብፅዓት።

«አይ፣ ወር ሙሉ ስንጫወት የነበረው ሌላ ነገር ነው።» ሱመያ ሳጥኗ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና የሐረገወይንን ጭብጨባ በዓይኗ ተከተለች። ችክችካው ቀላል አይደለም፤ ሚስ ዊትሎክ ከሰጠቻቸው እንደ ሰልፍ ከሚረገጠው ምት ጋር አይገናኝም። ሱመያ ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው ገባችበት። ከገባች በኋላ ማን ያስወጣት? ከታች ያሉት ጎረቤት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪደበድቡ ድረስ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ችግሩ የብፅዓት ጣቶች ሆኑ። ማይነሮቹን ለየብቻ ስትይዛቸው ይሰማሉ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ በፍጥነት ስትሄድ ግን ጣቶቿ ከአምስት ወር በላይ ወደለመዱት ሜጀር ይሮጣሉ። የሚገርመው እናቷ ናት። ስለ ጊታር ምንም የማታውቀው ሐረገወይን ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ስህተቷን ትይዛለች።

«አሁን ጥርሱን አሳየ!» ትላለች ከዚያ ማዶ።

ብፅዓት ወደ ጣቶቿ ስታይ እውነትም ኤ ሜጀር ላይ ናቸው።

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነው። ቀጥይ።… ኧረ! ይኸው ደግሞ ገለፈጠ!»

«እማ፣ ጣቴ እኮ ነው!»

«ጣትሽን ንገሪያት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እስከ ቅዳሜ አይሄድም!»

ማክሰኞ ማታ ብፅዓት ተናዳ ጊታሩን አልጋዋ ላይ ወረወረችው፤ ወዲያው ደንግጣ አንስታ እንጨቱ እንዳልተሰነጠቀ አገላብጣ አየች። ረቡዕ ማታ ዲ ማይነርን ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ያዘችው። ሐሙስ ጠዋት፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን አንግታ፣ «አንዴ ብቻ» ብላ ስትሞክረው ሦስቱ ጣቶች ምንም ሳታስብ ቦታቸው ላይ አረፉ። ኤ ማይነር፣ ዲ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ተመልሶ ኤ ማይነር። ደገመችው፤ አልተሳሳተችም። ወጥ ቤት ዝም አለ፤ ቢላውም ቆመ። ከዚያ የእናቷ እልልታ ግድግዳውን አልፎ መጣ። ብፅዓት ትምህርት ቤት አረፍዳ ደረሰች፤ ቀኑን ሙሉ የደነደኑትን የጣቶቿን ጫፎች በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ስትኮራ ዋለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ለሚስ ዊትሎክ ተጫወቱላት። ሲጨርሱ አስተማሪዋ እርሳሷን ከጸጉሯ ነቀለችው።

«ይሄን ሁሉ በአንድ ሳምንት? ብፅዓት፣ ጣቶችሽን አየሻቸው?» አለች በእንግሊዝኛ፣ ከልቧ ተደንቃ። ከዚያ እርሳሱን በጣቶቿ አሽከረከረችው። «ግን ያው ማይነር ነው።»

«ሰርግ ነው፣ ሚስ። ሰው በዚህ ይጨፍራል። እናቴ ጫማ ሰብራበታለች።»

«አምንሻለሁ። አዳራሹ ግን ያንን አያውቅም። ከሠላሳው ነጥብ አሥሩ ለርዕሱ ነው፤ ዳኞቹ ወረቀት ላይ ‹ደስታ› የሚል ነው የተጻፈላቸው። የመጀመሪያውን ኮርድ ሲሰሙ ሐዘን ነው የሚመስላቸው።» ሚስ ዊትሎክ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «ጊታሩን ምን ያህል እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። እኔ ብሆን ሜጀሩን እጫወታለሁ። ግን መድረኩ ላይ የምትወጪው አንቺ ነሽ፤ አልከለክልሽም።»

ብፅዓትን ብትከለክላት ይቀላት ነበር። ወደ ቤት ሲሄዱ ሱመያ ትከሻዋን ሰበቀች። «አንቺ በጀመርሽው እገባለሁ። እጄ ሁለቱንም ያውቃል።»

«አንቺስ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

«እኔ ማሸነፍ ነው የምፈልገው፣ ያው። ግን ያኛውን ስንጫወት ደብሮኛል፤ ይሄኛውን ስንጫወት አልደበረኝም። አትጠይቂኝ በቃ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመጋረጃው ጀርባ ብፅዓት በቀዳዳ እያየች እናቷን ፈለገቻት። ሐረገወይን የጠዋት ሥራዋን ጨርሳ በቀጥታ የመጣች ናት፤ ዩኒፎርሙን ልትቀይር ጊዜ አላገኘችም፤ ነጠላዋን ብቻ ከላይ ደርባለች። አምስተኛው ረድፍ ላይ ከሱመያ እናትና ከሁለት አክስቶቿ ጋር፣ እንደ ልማዷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ከእነሱ በፊት አራት ልጆች ቫዮሊን ተጫወቱ፤ ንጹሕና ፈጣን፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ብፅዓት ጣቶቿን እያሻሸች አሞቀች። አንዲት አስተናጋጅ ወረቀት ይዛ መጣችና ለመጨረሻ ጊዜ ደንቡን ነገረቻቸው። ሦስት ደቂቃ። ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው ከአዳራሹ ጀርባ ቀይ መብራት ይበራል፤ ከሦስት ደቂቃ ያለፈ ነጥብ ይቀነስበታል።

ወጡ። ሱመያ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ አየቻት፤ የትኛው እንደሆነ እየጠበቀች። የመድረኩ መብራት የብፅዓትን ፊት አጠበው። ሦስቱ ዳኞች እርሳሳቸውን አንስተው ተቀምጠዋል። የብፅዓት ግራ እጅ ክሮቹ ላይ አረፈ፤ በልማድ በኤ ሜጀር ላይ። ጊታሩ ሆዷ ላይ ተጠግቶ ሞቅ ብሏል። ሐምሌ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የራሷ። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ ራሷን አልዋሸችም፣ በጣም ፈለገችው።

ከዚያ ጣቷን አንድ ፍሬት ወደ ኋላ መለሰቻት።

የመጀመሪያው ኤ ማይነር አዳራሹ ውስጥ ሲገባ አንደኛው ዳኛ ወረቀቱን አየ፣ ቀና ብሎም አያት። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሰው ለልቅሶ የተዘጋጀ ይመስላል። ሱመያ ግን ሳጥኑን ሁለቴ በመዳፏ መታችውና ችክችካው ተነሳ፤ ብፅዓትም፣ በእንግሊዞች ፊት በአማርኛ ዘፍና የማታውቀው ልጅ፣ አፏን ከፈተች።

«ማነው የሚያንኳኳው፣ በሩን ክፈቱለት፣
የልጅቷ ዘመድ ነው፣ ቦታ ልቀቁለት!»

አምስተኛው ረድፍ ላይ ጭብጨባ ተነሳ፤ በትክክለኛው ቦታ የሚያርፈው ጭብጨባ። የሱመያ እናት ናት የጀመረችው። አክስቶቹ ተከተሉ። ሁለተኛው ግጥም ላይ እልልታ ተቀላቀለ፤ ከፊታቸው የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። ዲ ማይነር፣ ኢ ማይነር፤ ጣቶቿ አንድም ቦታ አልሳቱም። አንዲት ባርኔጣ ያደረጉ ትልቅ ሴትዮ ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። ከኋላ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ቆሙ።

ከዚያ ሐረገወይን ተነሳች።

ቦርሳዋን ለሱመያ እናት ሰጥታ፣ ሰዎቹን «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለች አልፋ፣ በወንበሮቹ መካከል ወዳለው መተላለፊያ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችው። የወላጆች ስብሰባ ላይ ድምጿ የማይሰማው ሴት፣ በሥራ ዩኒፎርሟ፣ በሰፊው የቦሮው አዳራሽ መሀል ትከሻዋን ትጥለውና ታነሳው ጀመር። ፊቷ ያበራል። ብፅዓት እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። ኮራች፤ እስክታማት ድረስ ኮራች፤ «ያቺ እኮ እናቴ ናት» ብላ በማይክሮፎን ልትጮህ ምንም አልቀራትም። አክስቶቹ ገቡ፣ የሱመያ እናት ቦርሳውን እንደያዘች ገባች። ሚስ ዊትሎክ መድረኩ ጥግ ቆማ አንዴ መተላለፊያውን፣ አንዴ የብፅዓትን ጣቶች ታያለች። በማይነር የሚጨፍር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ቀዩ መብራት በራ።

ብፅዓት አየችው። ሚስ ዊትሎክም አይታው የእጅ ሰዓቷን በጣቷ መታ መታ አደረገች። የመጨረሻው ኢ ማይነር ላይ ናት፤ አንድ ኤ ማይነር መትታ ብታቆም ሰዓቱ ላይ ይደርሳል፣ ነጥቡ አይነካም። ነገር ግን እናቷ መሀል ላይ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ ትከሻዋ ገና መሞቁ ነው። በሐረገወይን አገር ጨፋሪ ቆሞ ዘፈን አይቆረጥም፤ የሚጨፍረው ሰው ጠግቦ ሲቀመጥ ነው የሚያበቃው።

ሱመያ እጇን ሳታቋርጥ ቅንድቧን አነሳች። እናቁም?

ብፅዓት ጭንቅላቷን በአሉታ ነቀነቀች። ኤ ማይነሩን መታችው፣ ክሩ ግን ዝም እንዲል አልፈቀደችለትም፤ ጣቶቿን ወደ ዲ ማይነር አሻገረችና ዘፈኑን ከመጀመሪያው አነሳችው።